በበረንዳ ላይ የሚመነጭ የፀሐይ ኃይል፦ ለጋምቤላ የሚስማማው ሥርዓት የትኛው ነው?

ባለፉት ጥቂት ዓመታት በአውሮፓ ከተሞች፣ በተለይም በጀርመን፣ በፎቅ ቤቶች በረንዳ ላይ አንድ ወይም ሁለት የፀሐይ ፓነል በማሰር ኤሌክትሪክ ማመንጨት የተለመደ ሆኗል። ነዋሪው የራሱ ጣሪያ ባይኖረውም ፓነሉን ከበረንዳው ብረት ጋር ያስራል፤ ገመዱን በግድግዳው ሶኬት ይሰካል፤ የሚመነጨውም ኃይል የቤቱን ፍጆታ በከፊል ይሸፍናል። ጀርመን እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ የእነዚህን መሣሪያዎች የኢንቨርተር ወሰን ከ600 ወደ 800 ቮልት-አምፔር ከፍ አድርጋለች። እ.ኤ.አ. በ2025 አጋማሽ ላይም በሀገሪቱ የተመዘገቡት የበረንዳ ማመንጫዎች ቁጥር አንድ ሚሊዮን አልፏል።

ይህ ቀላል የሚመስል መፍትሔ ለኢትዮጵያ ከተሞችም ይበጅ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። ከ2017 ዓ.ም. መባቻ ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፍ ደረጃ በደረጃ እንዲያድግ መደረጉ፣ የፓነል ዋጋ በዓለም ገበያ መቀነሱ፣ እንዲሁም የመብራት መቋረጥ ጥያቄውን ይበልጥ ተገቢ ያደርጉታል። ይህ ጽሑፍ ጉዳዩን ከጋምቤላ ከተማና ከአካባቢዋ አንጻር ይመረምራል። በአማርኛ «በረንዳ» የሚለው ቃል የፎቅ ቤትን ሰገነትም ሆነ የምድር ቤትን የደጃፍ መጠለያ ስለሚያመለክት፣ አብዛኛው መኖሪያ ቤት ባለአንድ ወለል በሆነባት በጋምቤላ ጥያቄው ሁለቱንም ይመለከታል። የጽሑፉ መከራከሪያ የሚከተለው ነው፦ በጀርመን የተስፋፋው ሶኬት ላይ የሚሰካ ሥርዓት በሦስት ታሳቢዎች ላይ የቆመ ነው፤ እነርሱም የማይቋረጥ የኤሌክትሪክ መስመር፣ ዝቅ ብላ የምትጓዝ ፀሐይና ቀዝቃዛ አየር ናቸው። በጋምቤላ ሦስቱም አይገኙም። ስለዚህ ፓነሉን መውሰድ ሲቻል የሥርዓቱን ንድፍ ግን እንደ አዲስ ማሰብ ያስፈልጋል።

ሶኬት ላይ የሚሰካው ሥርዓት አሠራር

የፀሐይ ፓነል የሚያመነጨው ቀጥተኛ ጅረት ነው። በቤት ውስጥ ያለው መስመር ደግሞ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ የሆነ ተለዋዋጭ ጅረት ይሸከማል። በሁለቱ መካከል የሚገባው አነስተኛ ኢንቨርተር የመስመሩን ቮልቴጅና ድግግሞሽ እያነበበ፣ የራሱን ጅረት ከዚያ ጋር አጣጥሞ ይለቃል። ማቀዝቀዣው፣ ቴሌቪዥኑ ወይም አምፖሉ በዚያች ቅጽበት የሚፈልገውን ኃይል በቅድሚያ በቅርብ ከሚገኘው ፓነል ያገኛል፤ የጎደለውን ከመስመሩ ይስባል። የተረፈው ኃይል ወደ መስመሩ ይፈሳል።

ከዚህ አሠራር አንድ መሠረታዊ ውጤት ይከተላል። ኢንቨርተሩ የሚከተለው የመስመር ምት ከሌለ ሥራውን ማቆም አለበት፤ መብራት በጠፋበት ቅጽበትም ራሱን ከመስመሩ ይለያል። ይህ የመሣሪያው ጉድለት ሳይሆን ሆን ተብሎ የተሠራ የደኅንነት ጥበቃ ነው። መስመሩ ሙት ነው ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ ከአንድ ቤት በሚለቀቅ ጅረት ሊሞት ስለሚችል፣ ከመስመር ጋር የሚገናኝ ማንኛውም ኢንቨርተር ይህን መከላከያ እንዲይዝ ይጠበቃል። ይሁን እንጂ ለተጠቃሚው ያለው ትርጉም ግልጽ ነው፦ መብራት በጠፋ ጊዜ፣ ፀሐይ አናት ላይ ሆና ፓነሉን ብታቃጥለውም፣ ቤቱ ያለ ኤሌክትሪክ ይቀራል።

በጀርመን ይህ እምብዛም አያስጨንቅም፤ መስመሩ በዓመት ውስጥ የሚቋረጠው ለጥቂት ደቂቃዎች ነው። የዚያ ሀገር ነዋሪ ፓነል የሚሰቅለው ወርኃዊ ክፍያውን ለመቀነስና ከድንጋይ ከሰልና ከጋዝ የሚመነጨውን ኃይል ለመተካት ነው። የኢትዮጵያ ሁኔታ ተቃራኒ ነው። ከሀገሪቱ የኤሌክትሪክ ምርት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከውኃ የሚገኝ ሲሆን፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ይህን አቅም በእጅጉ አሳድጎታል። ነገር ግን ኃይል በግድቡ መመንጨቱ በጋምቤላ ካለው ቤት መድረሱን አያረጋግጥም። ኃይሉ ከደጋው በረጅም ማስተላለፊያ መስመር ይወርዳል፤ በነፋስ፣ በመብረቅና በዛፍ መውደቅ የሚደርስ ብልሽት በመስመሩ ጫፍ ላይ ያለችን ከተማ ይጎዳል። ስለዚህ የጋምቤላ ቤተሰብ ከፓነል የሚጠብቀው ዋና ጥቅም መስመሩ በተቋረጠበት ሰዓት የሚገኝ ኃይል ነው። ሶኬት ላይ የሚሰካው መሣሪያ የማይሰጠውም በትክክል ይህንኑ ነው።

በዚህ ላይ የቆጣሪ ጉዳይ ይጨመራል። አንዳንድ ዲጂታል ቆጣሪዎች ጅረቱ ወደ ውስጥም ይግባ ወደ ውጭ ይውጣ ሁሉንም እንደ ፍጆታ ይመዘግባሉ። ከኤሌክትሪክ አገልግሎት ሰጪው ጋር ስምምነት ሳይደረግና ለዚህ የተዘጋጀ ቆጣሪ ሳይተከል የተረፈን ኃይል ወደ መስመር መልቀቅ፣ ደንበኛው ራሱ ላመነጨው ኃይል እንዲከፍል ሊያደርገው ይችላል።

የፀሐይ አቅጣጫና የፓነል አቀማመጥ

ሁለተኛው ታሳቢ የፀሐይ አቅጣጫ ነው። በርሊን ከምድር ወገብ 52.5 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ትገኛለች። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ዕለት በቀትር የምትታየው ፀሐይ ከአድማስ 37.5 ዲግሪ ብቻ ከፍ ትላለች። በዚህ ጊዜ ወደ ደቡብ በሚያይ በረንዳ አጥር ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ፓነል ከቀጥተኛው ጨረር 79 በመቶ ያህሉን ይቀበላል። የአጥሩ ቅርጽና የፀሐይዋ ጉዞ ይስማማሉ።

ጋምቤላ ደግሞ በ8.25 ዲግሪ ሰሜን ላይ ትገኛለች። በዚያው ዕለት በቀትር ፀሐይ ከአድማስ 82 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብላ አናት ላይ ትሆናለች፤ ቀጥ ብሎ የቆመው የደቡብ ፓነል የሚቀበለው ከቀጥተኛው ጨረር 14 በመቶ ብቻ ነው። ከሚያዝያ የመጀመሪያ ቀናት እስከ ነሐሴ የመጨረሻ ቀናት ድረስ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን አልፋ ስለምትሄድ፣ ወደ ደቡብ ያየ የቆመ ፓነል በቀትር አንዳችም ቀጥተኛ ጨረር አያገኝም። ከአውሮፓ የመጣ የአተካከል መመሪያ «ወደ ደቡብ አዙር፣ በአጥሩ ላይ አቁም» ቢል፣ መመሪያው በጋምቤላ ሲተገበር የተገዛውን ፓነል አብዛኛውን ጥቅም ያሳጣዋል።

ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ የሚያይ በረንዳ የተሻለ ነው። ከምድር ወገብ አጠገብ፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ዕለት፣ የከባቢ አየርን ተጽዕኖ ትተን ብናሰላ፣ ወደ ምሥራቅ ያየ የቆመ ገጽ በቀን የሚያገኘው ቀጥተኛ ጨረር አግድም የተዘረጋ ገጽ ከሚያገኘው ልክ ግማሽ ነው፤ ምክንያቱም ከቀትር በኋላ ፀሐይ ከጀርባው ትሆናለች። የተበታተነው ብርሃንም ቢሆን፣ የቆመ ገጽ የሰማዩን እኩሌታ ብቻ ስለሚያይ፣ ወደ ግማሽ ይጠጋል። ደመና ከቀትር በኋላ በሚከማችበት ወቅት ምሥራቅ ከምዕራብ ይመረጣል፤ ጠዋት አየሩም ቀዝቀዝ ያለ ነው። በፎቅ ቤት ከሆነ ደግሞ የላይኛው ወለል በረንዳ ከፍ ያለችውን ፀሐይ ስለሚጋርድ፣ ፓነሉ ከአጥሩ ወደ ውጭ እንደ ጥላ ተዘቅዝቆ ካልወጣ በስተቀር የቀኑን ምርጥ ሰዓታት ያጣል።

ለጋምቤላ ተስማሚው አቀማመጥ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ብቻ የተዘቀዘቀ፣ ወደ አግድም የቀረበ ፓነል ነው። ያቺ ትንሽ ዝቅዝቃት የምታስፈልገው ዝናብ አቧራውን አጥቦ እንዲወርድ ነው። የምድር ቤቶች የቆርቆሮ ጣሪያና የበረንዳ ክዳን ለዚህ የሚመቹ ናቸው። የሣር ክዳን ያላቸው ጎጆ ቤቶች ፓነል ለመሸከም ስለማይመቹ፣ ከቤቱ አጠገብ በሚተከል ጠንካራ ምሰሶ ላይ ማሰር ይሻላል።

ከኢታንግ አኃዝ በመነሣት የሚደረግ ስሌት

ስለ ኢትዮጵያ የፀሐይ ኃይል ሀብት በሚጻፉ ጥናቶች ውስጥ በተደጋጋሚ የሚጠቀስ ቆየት ያለ ግምት አለ። በዚህ ግምት መሠረት የሀገሪቱ ዓመታዊ አማካይ በአንድ ካሬ ሜትር በቀን 5.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ከፍተኛው 6.25 ሲሆን የሚገኘው በአዲግራት ነው፤ ዝቅተኛው 4.25 ሲሆን የሚገኘው በጋምቤላ ክልል በኢታንግ ነው። ስለዚህ ጋምቤላ በዚህ መለኪያ ከሀገሪቱ የመጨረሻውን ደረጃ ይዛ ትጠቀሳለች። ሆኖም ይህ ዝቅተኛ አኃዝ እንኳ በጀርመን በአማካይ ከሚገኘው 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ በ40 በመቶ ያህል ይበልጣል። ግምቱ ጥንቃቄ የተመላበት በመሆኑ ለንድፍ መነሻነት ተስማሚ ነው።

አንድ ቤተሰብ በመብራት መቋረጥ ጊዜ ሊያጣቸው የማይፈልጋቸውን ነገሮች እንቁጠር። እያንዳንዳቸው 7 ዋት የሆኑ አራት የኤል ኢ ዲ አምፖሎች ለ5 ሰዓት ቢበሩ 140 ዋት ሰዓት ይፈጃሉ። በቀጥተኛ ጅረት የሚሠራ 20 ዋት ማራገቢያ ለ10 ሰዓት 200፣ ሦስት ተንቀሳቃሽ ስልኮችን መሙላት 45፣ 45 ዋት የሚወስድ ላፕቶፕ ለ3 ሰዓት 135 ዋት ሰዓት ይጠይቃሉ። ድምሩ 520 ዋት ሰዓት ነው።

አሁን ደግሞ የምርቱን ወገን እንመልከት። 400 ዋት ፓነል በኢታንግ አኃዝ ሲሰላ በቀን 1,700 ዋት ሰዓት ሊሰጥ ይችላል። በሙቀት፣ በአቧራ፣ በገመድ፣ በቻርጅ መቆጣጠሪያና በባትሪ የሚጠፋው ተቀንሶ 65 በመቶው ጥቅም ላይ ይውላል ብንል 1,105 ዋት ሰዓት ይቀራል። ይኸው ፓነል ቀጥ ብሎ ከቆመ ግን ወደ 550 ዋት ሰዓት ይወርዳል። በሌላ አነጋገር፣ በአግባቡ የተዘቀዘቀ 200 ዋት ፓነል በአጥር ላይ የቆመ 400 ዋት ፓነልን ያህል ያመርታል። ለአንድ ቤተሰብ ይህ በገንዘብ የሚተመን ልዩነት ነው።

የክረምቱንም ወራት ማሰብ ያስፈልጋል። በዚያው ግምት የሀገሪቱ የሐምሌ አማካይ 4.55 ነው፤ ይህም ከዓመታዊው አማካይ በ12 በመቶ ገደማ ያንሳል። ተመሳሳይ ምጣኔ ለጋምቤላ ብንወስድ የተዘቀዘቀው 400 ዋት ፓነል 970 ዋት ሰዓት አካባቢ ይሰጣል፤ ከሚፈለገው በላይ ነው። የቆመው ፓነል ግን ወደ 480 ዝቅ ስለሚል 520ውን አይሸፍንም።

የዚህ ሥርዓት ወሰንም በግልጽ መታወቅ አለበት። 3 ኪሎ ዋት ወይም ከዚያ በላይ የሚስብ የእንጀራ ምጣድ በእንዲህ ያለ ሥርዓት አይታሰብም። ማቀዝቀዣም ቢሆን በቆላ ሙቀት ያለማቋረጥ ስለሚሠራ የራሱን ተጨማሪ ፓነልና ባትሪ ይፈልጋል።

ሙቀት በፓነልና በባትሪ ላይ

ሦስተኛው ታሳቢ ሙቀት ነው። ጋምቤላ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ቆላ ከተማ ስትሆን፣ ከክረምቱ ዝናብ በፊት ባሉት ወራት የቀን ሙቀት 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። በፓነል ላይ የሚጻፈው አቅም ግን የተለካው የሕዋሱ ሙቀት 25 ዲግሪ ሲሆን ነው። በ40 ዲግሪ አየርና በካሬ ሜትር 900 ዋት ጨረር ሥር፣ የተለመደ ፓነል ሕዋስ 68 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ከ25 በላይ በጨመረው በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.35 በመቶ ኃይል ይጠፋል ቢባል፣ ጉድለቱ 15 በመቶ ይሆናል። ፓነሉ ከቆርቆሮ ወይም ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ ከተሰቀለ ሙቀቱ ከዚህም ይብሳል። ስለዚህ ከጀርባው አየር የሚያልፍበት አንድ ጋት ያህል ክፍተት መተው ያለ ወጪ የሚገኝ ተጨማሪ ኃይል ነው።

ባትሪውን ሙቀት የበለጠ ይጎዳዋል። የሊድ አሲድ ባትሪ ዕድሜ ከ25 ዲግሪ በላይ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በግማሽ ገደማ ያጥራል። በደጋ አራት ዓመት የሚያገለግል ባትሪ ዘወትር በ35 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ቢቀመጥ ሁለት ዓመት ላይቆይ ይችላል። የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ በመነሻው ውድ ቢሆንም ሙቀትንና ተደጋጋሚ መሙላትን የተሻለ ይቋቋማል፤ እርሱም ቢሆን ከ45 ዲግሪ በላይ እንዲሞላ አይመከርም። 12.8 ቮልትና 100 አምፔር ሰዓት የሆነ አንድ ባትሪ 1,280 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ 80 በመቶውን ብቻ ብንጠቀም ከላይ ለተቆጠረው ፍጆታ ሁለት ቀን ገደማ ይበቃል።

ቦታውም ይታሰብበት። ባትሪው ከፀሐይ ርቆ፣ በቤት ውስጥ፣ አየር በሚዘዋወርበት ጥላ መቀመጥ አለበት። ሆኖም መሬት ላይ መሆን የለበትም፤ በ2014 ዓ.ም. ክረምት የባሮ ወንዝ ሞልቶ የከተማዋን ክፍሎች ማጥለቅለቁ እንደሚያስታውሰን፣ ባትሪና መቆጣጠሪያ በግድግዳ ላይ ከፍ ብለው ቢሰቀሉ ከጎርፍ ይድናሉ። ከመቆጣጠሪያው ወደ ባትሪው የሚሄደው ገመድ አጭርና ወፍራም ይሁን። በ12 ቮልት ሥርዓት 25 አምፔር በ6 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ 5 ሜትር ርቀት ቢጓዝ፣ የደርሶ መልሱ የቮልቴጅ ጉድለት 6 በመቶ ይደርሳል።

ደኅንነትና ሕግ

ከሁሉ የሚበልጠው አደጋ ከባትሪ የሚሠራን ኢንቨርተር በሁለቱም ጫፍ ወንዴ ሶኬት ባለው ገመድ ወደ ቤቱ መስመር መሰካት ነው። ዋናው ማብሪያ ማጥፊያ ካልተለየ፣ ጅረቱ ወደ ውጭ ወጥቶ በትራንስፎርመሩ በኩል ወደ ከፍተኛ ቮልቴጅ ያድጋል። ከላይ የተጠቀሰው የመስመር ሠራተኛ ሕይወት በዚህ ይጠፋል። ለአምፖል፣ ለማራገቢያና ለስልክ የሚያገለግለው የፀሐይ መስመር ከዋናው መስመር ፈጽሞ ተለይቶ፣ በራሱ ገመድና በራሱ ፊውዝ ቢዘረጋ አደጋው ከሥሩ ይወገዳል።

በፎቅ ቤቶች የነፋስ ኃይል ሌላው ጉዳይ ነው። 400 ዋት ፓነል ስፋቱ 2 ካሬ ሜትር፣ ክብደቱም 20 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። በሰከንድ 30 ሜትር የሚነፍስ ዐውሎ ነፋስ በፊቱ ቢመታው 110 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ይገፋዋል። በሲባጎ ወይም በቀጭን ሽቦ የታሰረ ፓነል ከሦስተኛ ፎቅ ወደ መንገድ ቢወድቅ ሰው ይገድላል። በየጋራ ሕንጻ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የቤቱ ባለቤት በግል የሚይዘው የራሱን ቤት ስለሆነ፣ የሕንጻው የውጭ ግድግዳና ጣሪያ የጋራ መጠቀሚያ ናቸው። ስለሆነም የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ፓነል ከመስቀሉ በፊት የቤት ባለቤቶች ማኅበሩን ፈቃድ መጠየቅ ይኖርበታል። ማኅበሩ በጋራ ጣሪያ ላይ አንድ የጋራ ማመንጫ ቢያቆም ደግሞ፣ ከላይ በተሰላው የአቀማመጥ ልዩነት ምክንያት፣ በየበረንዳው ከሚሰቀሉት ፓነሎች እጥፍ ገደማ ምርት ይገኛል።

ቀጣይ የጥናት አቅጣጫዎች

የፀሐይ ኃይል ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ እ.ኤ.አ. በ1985፣ በመካከለኛው ኢትዮጵያ የተተከለ 10.5 ኪሎ ዋት ማመንጫ 300 ያህል የገጠር ቤተሰቦችን ያገለግል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1989ም ለውኃ ፓምፕና ለእህል ወፍጮ እንዲበቃ ወደ 30 ኪሎ ዋት አድጓል። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም ደግሞ ከተጠቃሚዎች 35 በመቶ ያህሉ ከዋናው መስመር ውጭ ባሉ አማራጮች እንዲደረሱ አልሟል። በእነዚህ ሁለት እርምጃዎች መካከል ብዙም ያልተጠናው ክፍል፣ መስመር ያለው ነገር ግን የሚቋረጥበት የከተማ ቤተሰብ ነው። ይህ ቤተሰብ በስታቲስቲክስ «ኤሌክትሪክ ያገኘ» ተብሎ ስለሚቆጠር ከመስመር ውጭ ከሆኑ መርሐ ግብሮች ይዘለላል፤ በመቋረጥ ሰዓት ግን ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል።

ለድኅረ ምረቃ ተመራማሪ ከዚህ የሚወጡ፣ በአነስተኛ ወጪ ሊከናወኑ የሚችሉ ሦስት ሥራዎች አሉ። የመጀመሪያው በጋምቤላ ከተማ አንድ የጨረር መለኪያ ተክሎ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት መመዝገብ ነው፤ የኢታንግ 4.25 ሊረጋገጥ ወይም ሊታረም የሚችለው በዚህ ነው። ሁለተኛው በተለያዩ ቀበሌዎች የመብራት መቋረጥን በሰዓትና በቆይታ የሚመዘግብ ቀላል መሣሪያ ማኖር ነው፤ የባትሪ መጠን የሚወሰነው በአማካይ መቋረጥ ሳይሆን በረጅሙ መቋረጥ ስለሆነ ይህ መረጃ ከፓነል ዋጋ ይልቅ ወሳኝ ነው። ሦስተኛው በአንድ ቤት ላይ ሁለት ተመሳሳይ ፓነሎችን፣ አንዱን አቁሞ ሌላውን 10 ዲግሪ አዘቅዝቆ፣ ምርታቸውንና የጀርባ ሙቀታቸውን ጎን ለጎን መለካት ነው።

እስከዚያው ድረስ ፓነል ለመግዛት ለተነሣ ሰው ከገበያው ሊጠይቅ የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ዋት ብዛት መሆን የለበትም። «መብራት ሲጠፋ ይሠራል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱ «አይሠራም» ከሆነ፣ ዕቃው ለሌላ ሀገር ችግር የተሠራ ነው።